ከኩርባው የማይወጣው ሞተር

ልጆቼ፣ ይሄ ተረት አይደለም።

ሰው ነግሮኝ የማወራውም አይደለም። ወሬ እንደምወድ የማያውቅ የለም፣ አልክድም... ይሄን ግን በዚህ ጆሮዬ ሰምቼ፣ በዚህ ዓይኔ አይቼ ነው። መጨረሻ ላይ "ከዚያስ?" ብላችሁ እንዳታደርቁኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነች ሰሞን ነው። ቢሮው ሁሉ አዲስ፣ የታፔላው ቀለም ያልደረቀ።

ወሩ ጥቅምት። ሰዓቱ ቀን ስድስት ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ። የሰው ጥላ እግሩ ስር የሚገባበት ሰዓት።

ቦታው ከከተማ ወደ አቦቦ በሚወስደው ቀይ የጠጠር መንገድ ላይ ያለች አንዲት ኩርባ።

የሚያስፈራው ጨለማ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ሺታዬ የልጄ የመልአኩ ሚስት ናት። ጤና ረዳት። እሱም ክትባት አድራሽ ነበር። የበረዶ ሣጥኑን ሞተሩ ላይ አስሮ አቦቦ፣ ጎግ፣ መኪና የማይገባበት ሁሉ ይገባል። አቧራ ለብሶ ሲመለስ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው፣ የኔ ጌታ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እዚያች ኩርባ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ።

አለቀ።

"ሲበር ገብቶብኝ ነው" አለ ሹፌሩ። ሌላ የሚናገር አልነበረም። ሰፈራችን ኒውላንድ ሙሉ ያንኑ ደገመው። ድንኳን ውስጥ ንፍሮዬን እየበሉ እንኳ "ቀበጥ ነበር እኮ፣ ራሱን ነው የገደለው" ሲሉ ሰማሁ።

እኔ አላመንኩም። እናት ነኛ።

ሺታዬ ግን አመነች። ማታ ማታ ስታለቅስ ሐዘን ብቻ አልነበረም። ንዴት አለበት።

"በገዛ እጁ ጥሎኝ ሄደ እሙዬ" ትለኛለች።

ሥራውን እሷ ተረከበች። ሞተሩንም። መሪው ተቃና፣ ክላክሱ ተቀየረ። የድሮው ክላክስ እንደ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ ነበር። መንዳት ያስተማራት ራሱ መልአኩ ነው። ያኔ ሰፈሩ "ሴት ሞተር ላይ!" ብሎ ሲንጫጫ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እልል ስል ነበር። ለማናደድ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ።

በዚያ መንገድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ክረምት ሲወጣ ሰምበሌጡ ከሰው በላይ ያድግና መንገዱን ይውጠዋል። ተቃጥሎ እስኪጸዳ ድረስ ኩርባው ውስጥ ያለውን ዓይን አያይም። ስለዚህ ሞተረኛው ገና ሳይገባ፣ የኩርባው ደጅ ላይ ይቆማል። አንድ ክላክስ ይነፋል። ሞተሩን ያጠፋል። ያዳምጣል።

ካልመለሱለት ይገባል።

ከመለሱለት... የመለሰው እስኪወጣ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አባይነሽ ነጠላዋን እያጣፋች ከተፍ አለች። ወሬ ስትይዝ አካሄዷ ያስታውቃል።

"እሙዬ፣ ምራትሽ መንገድ ላይ ትቆማለች አሉ።"

"ሽንቷ ይዟት ይሆናላ።"

"በረዶው እስኪቀልጥ? ሰው አላት እልሻለሁ! ክትባቱ እየተበላሸ ነው ብለው ሞተሩን ሊነጥቋት ነው።"

"የት ነው የምትቆመው?"

"እዚያው ነው የሚሉት... ልጅሽ የሞተበት።"

ልቤ ስንጥቅ አለ። ደግሞ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ሰውዬው ማን ይሆን የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ።

በነጋታው "አቦቦ ለቅሶ አለብኝ፣ አፈናጥጪኝ" አልኳት። ለቅሶ የለም። ልሰልላት ነው።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠፍሬ በአንድ ጎን ተቀመጥኩ። የበረዶ ሣጥኑ ጀርባዬን ያቀዘቅዘኛል፣ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል።

ጎበዝ ነጂ ናት። ኩርባ ሲመጣ ገና ከሩቅ ፍሬን ትይዛለች፣ ቀጭ... ቀጭ... ማርሽ ትቀንሳለች፣ ከዚያ ዘንበል ብላ እንደ ውሃ ትገባለች።

"ምነው ከዚህ ጀምረሽ ቀነስሽ? ገብተሽ አትቀንሺም?" አልኳት በጆሮዋ።

"ከገቡ በኋላ ፍሬን የለም እሙዬ። ጠጠሩ ያንሸራትታል። የኩርባ ፍጥነት ደጅ ላይ ነው የሚያልቀው... እሱ ነው ያስተማረኝ።"

ኩርባውን ከወጣች በኋላ አከለችበት።

"ራሱ ረሳው እንጂ።"

እዚያች ኩርባ ስንደርስ ቆመች። ሞተሩን አጠፋች።

ሰምበሌጡ ከግራ ከቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከመንገዱ ዳር አንድ ማንጎ ዛፍ፣ ከስሩ አንዲት ጎጆ። ጎጆዋን አየሁና አንድ ነገር ከነከነኝ... መንገድ ዳር የተሠራ ቤት በሩ ወደ ጫካ ነው። አሮጌው በር ወደ መንገዱ ነበር፤ በጭቃ ተደፍኗል።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀምጣለች። ኛጉዋ ትባላለች። ከዚህ በፊት ማንጎ ገዝቻት አውቃለሁ።

ሺታዬ ክላክስ ነፋች።

ጲ...ጵ።

እኔ ሰውዬውን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ከየት በኩል ይወጣ ይሆን? ሸበቶ ነው? ወጣት ነው?

ዝም።

ወፎቹ ዝም አሉ። ፌንጣው ዝም አለ። ነፋስ የለም... ግን የቀኙ ሰምበሌጥ ብቻ ዘንበል አለ።

ከዚያ ከኩርባው ውስጥ መልስ መጣ።

ጉንፋን እንደያዘው በግ የጎረነነ ክላክስ።

ልጆቼ... ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የግቢውን በር ክፈቺልኝ ሲለኝ የሚነፋው እሱን ነበር።

ሺታዬ ሳትዞር አንሾካሾከች።

"ሰሙ?"

"...ሰማሁ።"

"እኔ አብጄ መስሎኝ ነበር።"

"ልጄ ነው..."

"ቀስ ይበሉ። አሁን ይመጣል።"

የሞተር ድምፅ መጣ። ከሩቅ። የኛው ሞተር ድምፅ... ቁጭ ያልንበት! መጥፋቱን ለማረጋገጥ እጄን ወደ ታች ሰድጄ ብረቱን ነካሁት። ያን ሁሉ መንገድ የሮጠ ብረት፣ እንኳን ሊያቃጥለኝ... እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል።

"ለምንድነው የምትቆሚው?" አልኳት።

"እንዲቀንስ ልነግረው። እዚህ ሲደርስ 'ቀንስ!' ብዬ እጮሃለሁ። ከዚያ ጆሮዬን እይዛለሁ። የሚቀጥለውን መስማት አልችልም። ግን አንድ ቀን ከሰማኝ... በልኩ ከገባ... ይወጣል እሙዬ። የመለሰ ይወጣል።"

ዓመት ሙሉ ይሄን ስታደርግ ነው የከረመችው። ሰው አላት የተባለው ይሄ ነው። እኔም ልሰልላት መጣሁ። የኔ ምስኪን።

ድምፁ ቀረበ። ሺታዬ አየር ሳበች። ልትጮህ ነው።

አፏን ያዝኳት።

"ዛሬ አትጩሂ። እስኪ እንስማው።"

"ይሞታል!"

"እንስማው ልጄ። አንድ ቀን እንስማው።"

እጆቿ ወደ ጆሮዋ ሲሄዱ እነሱንም ያዝኳቸው። ሞተሩ ይጮኻል... ይጮኻል...

ቀጭ።

ድምፁ ወረደ።

ቀጭ።

ደግሞ ወረደ።

ሺታዬ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ሁለቴ ቀነሰ" አለች። "ደጅ ላይ። ማንም ሳይጮህበት..."

ገባ። ቀስ ብሎ። እንቁላል እንደጫነ ሰው።

በዚያች ቅጽበት ክንዴን አንድ እጅ ጨመደደኝ። ኛጉዋ ናት። ሌላውን እጇን ሺታዬ ላይ ጥላ ከነሞተሯ ወደ ሰምበሌጡ ጎተተችን።

"መንገድ ልቀቂ! ትልቁ መጣ!"

"የቱ ትልቅ?"

ከኋላችን ነው የመጣው። ከከተማ በኩል። የጭነት መኪና ድምፅ... ክላክስ የለው፣ ፍሬን የለው... መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ንፋሱ ነጠላዬን ከወገቤ ገፎ ወሰደው፣ ቀዩ አቧራ ዓይናችንን ሞላው።

መኪና ግን የለም። መንገዱ ባዶ ነው።

ድምፁ ወደ ኩርባው ገባ... ዝም አለ። ግጭት የለም፣ ጩኸት የለም። ዝም ብቻ።

ኛጉዋ አቧራውን ከፊቷ ጠረገች።

"ያን ቀንም ክላክስ አልነፋም" አለች። "ትንሹ ነፋ። ትልቁ ዝም። ትንሹ ቀስ ብሎ ገባ።"

"ለምን አልተናገርሽም አንቺ ሴት?" አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ?"

ሺታዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ አቧራው ላይ መስመር ሠራ።

"በልኩ ነው የገባው እሙዬ።"

"አዎ ልጄ።"

"አልረሳም ነበር። እኔ ነኝ... ዓመት ሙሉ ባልሠራው ጥፋት ስጮህበት..."

አቅፌያት እኔም አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ልጄን የዚያን ቀን ነው የቀበርኩት፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ተነሳች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ሞተሩን አስነሳች።

"ወዴት ነው?"

"ወደ እሱ።"

"ሺታዬ!"

"ይቅርታ ልጠይቀው እሙዬ። እሱ መውጣት ካልቻለ እኔ እገባለሁ።"

የሞተሩን መሪ ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ በቀስታ አላቀቀቻቸው። እንደ ሕፃን ጣት። ጉልበት አልነበረኝም... ወይም ልቤ አልፈለገም። አላውቅም።

ክላክስ ነፋች።

ጲ...ጵ።

ያ ጎርናና ድምፅ መለሰላት። አሁን ግን ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ።

ሄደች። ቀጭ... ቀጭ... ደጁ ላይ ቀነሰች፣ ዘንበል አለች፣ ሰምበሌጡ ዋጣት።

ጆሮዬን አቆምኩ። ድምፁ ኩርባው መሐል ደረሰና እዚያው ቀረ። አልጠፋም፣ አልራቀም። ቆሞ ያንኮራፋል።

"ሺታዬ!"



ሮጥኩ። ኛጉዋ ከኋላዬ "እናቴ አትግቢ! አትግቢ!" ትላለች።

ገባሁ።

ሞተሩ መንገዱ መሐል ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኝ። በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ... መሬት የረገጠ እግር ግን የለም።

ሺታዬ ላዩ ላይ ናት። የነጂው ቦታ ላይ አይደለችም። ከኋላ ናት፣ የተፈናጣጭ ቦታ። ጉንጯን ወደ ፊት አስደግፋለች... አየር ላይ። ዓይኗ ተከድኗል። እንደዚያ ሰላም ያለው ፊት ዓመት ሙሉ አላየሁባትም። ሁለት እጆቿ ከፊቷ ተቆላልፈዋል፤ መሐላቸው የአንድ ሰው ወገብ የሚያህል ክፍት ነው።

ከፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ስፖንጁ ግን ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

ቀጭ አለ። ማርሽ ገባ።

ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ... ወደ ጎግ በኩል... ወደሚቀጥለው ኩርባ።

"መልአኩ!" አልኩ። በሕይወት እያለ እንደምጠራው። "መልአኬ! እናትህ ነኝ!"

የኋላው ቀይ መብራት ቦግ አለ።

ፍሬን ያዘ።

በዚያ ጠራራ ፀሐይ ቀይ መብራቱ ላንዳፍታ በራልኝ... ጠፋ... ሞተሩም ዘንበል ብሎ ገባ።

ፍሬኑ ሲያዝም የሺታዬ ሁለቱም እጅ እንደተቆላለፈ ነበር።