ፈረስ ባየ ቁጥር የሚቆመው ሰው

ውብአየሁ ከሰውየው በፊት የተዋወቀችው ከኮርቻው ጋር ነው።

የሐምሌ ዝናብ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚሄደውን ሚኒባስ መስኮት ይደበድባል። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የገባው ኮርቻ ነበር። ባለቤቱ ጭኑ ላይ አቅፎታል። እርካቡ ግን ያረፈው እሷ ላይ ነው። ጭቃ የነካው እርካብ፣ ነጭ ቀሚስ ላይ!

«ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ከላይ አያስጭኑትም?»

«ዝናብ ነው እህቴ። ቆዳው ይበላሻል።»

«እሺ፣ ታች ያስቀምጡት።»

«ኮርቻ መሬት አይቀመጥም።»

«እኔስ? የኮርቻ ማስቀመጫ ነኝ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እርካቡን ሰብስቦ በመዳፉ ያዘው፤ እንጅባራ እስኪደርሱም እንደ እንቁላል ይዞት ሄደ። እሷ ስትወርድ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። «ደግሞ የት ያገኘኛል» አለች በሆዷ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እትዬ በቀለች ቤት አገኛት።

እትዬ በቀለች የጓደኛዋ የፍቅርአዲስ እናት ናቸው። ፍቅርአዲስ ቪየና ከተማ ነርስ ናት። ዘንድሮ «ክረምቱን እኔ ጋ ነይ፣ አውሮፓን ላሳይሽ» ብላ ጠርታታለች። ውብአየሁ ያን ቀን የሄደችው ለፍቅርአዲስ የሚላከውን ማር ለመቀበል ነበር። ስትገባ ያ ኮርቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ሰውየውም ከስሩ ተቀምጧል።

«ይሄነው ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነው» አሉ እትዬ በቀለች። «ፍቅርአዲስ እሱንም ጠርታዋለች፤ አብራችሁ ነው የምትሄዱት። ማሩን ለሁለት ትይዙታላችሁ።»

«ማሩን እንካፈላለን እትዬ። ወንበር ግን አልካፈልም።»

እትዬ በቀለች ሳቁ። ሳቃቸው ትንሽ እንደረዘመ ያኔ ልብ አላለችም።

ውብአየሁ ዳንግላ ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ሰባት ዓመት ሙሉ አውሮፓን ሰሌዳ ላይ ስትሥል ኖራለች። የዳኑብን ወንዝ በሰማያዊ ጠመኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትስበዋለች፤ ደወል ሲደወል ታጠፋዋለች። ዘንድሮ ግን ለተማሪዎቿ ቃል ገባች። «ጀልባ ላይ ሆኜ፣ ወንዙ መሀል ፎቶ ተነስቼ አመጣላችኋለሁ።» ለዚህም ዝርዝር አዘጋጀች፤ አሥራ አራት ቦታ፣ እያንዳንዱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ። የመጨረሻው ዳኑብ ነበር።

ፍቅርአዲስና ባሏ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆኑ «ሁለታችሁ አብራችሁ ዙሩ» ተባሉ።

ቪየና ደግሞ፣ ወይ ጣጣ፣ ፈረስ የሞላበት ከተማ ሆነች! ጎብኚ የሚያዞሩ ሠረገላዎች በየአደባባዩ ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸውን ሁለት ፈረስ ይስባቸዋል። ይሄነው ፈረስ ባየ ቁጥር ይቆማል። ሙዚየሙን ብቻዋን አየች። ካቴድራሉ ውስጥ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ወጣች። ፎቶ የሚያነሳት እሱ ስለሆነ ከየፈረሱ ስር እየጎተተች ታመጣዋለች።

«ጋሪ ለማየት ነው ቪየና ድረስ የመጣኸው? ዳንግላ ሞልቶ የለ!»

«የዚህኛውን አንገት እይው እስቲ...»

«አላይም!»

በአምስተኛው ቀን አንዱን ፈረስ ጋማውን እያሻሸ በአገውኛ ሲያዋራው ደረሰችበት።

«ቪየና የተወለደ ፈረስ አገውኛ ይሰማል?»

«በአማርኛ ሞክሬ ነበር። እምቢ አለኝ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። የሚያበግናትም ይኸው ነበር። ሰውየውን አምርራ እንዳትጠላው፣ ዝናብ ሲጥል ምንም ሳይናገር ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል። እንዳትወደው፣ ከእሷ ጋር ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው ለፈረስ ሲሆን ተረት ይተርካል። በስተመጨረሻ በፈረስ ስትቀና ራሷን አገኘችው። በፈረስ!

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጀልባው የሚነሳው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማግስቱን ወደ አገር ይመለሳሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ይሄነው አንድ ፈረስ አጠገብ ቆመ።

«ይሄነው፣ ዛሬ አይሆንም። ስሞትልህ!»

«ያነክሳል።»

«ባለቤት አለው እኮ!»

«ባለቤቱ ከላይ ተቀምጦ ነው፣ አላየውም። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ባለሠረገላው በጀርመንኛ ጮኸ። ይሄነው ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግር አነሳ፤ ሰኮናው ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ፈልቅቆ አወጣ። ጩኸቱ ወዲያው ወደ ምስጋና ተለወጠ። ሰውየው እጁን ጨብጦ አልለቅም አለ፤ ጓደኞቹን ጠራ፤ ሌላ ፈረስ እይልኝ አለ። አምስት ደቂቃው አርባ ሆነ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጀልባው መሀል ገብቷል። የተሳፈሩት ሰዎች እጃቸውን እያውለበለቡ ተሰናበቷቸው።

ውብአየሁ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰባት ዓመት ነው የሣልኩት...»

ይሄነው አጠገቧ ቆሞ ኪሱን ዳበሰ። ጠጠሩን አወጣ።

«ይቺን... ለተማሪዎችሽ... የአውሮፓ ድንጋይ ናት...»

ተቀበለችው። ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ዳኑብ ውስጥ ወረወረችው።

ማታ እራት ላይ ፍቅርአዲስ ምንም ሳታውቅ ፈገግ አለች።

«እና? ተስማማችሁ?»

«ምኑን?» አለች ውብአየሁ።

«ኧረ ውብዬ! እኔና እማዬ መክረን አይደል እንዴ እንድትተያዩ ሁለታችሁን የጠራነው? ለእሱስ ነግሬው ነበር።»

ውብአየሁ ወደ ይሄነው ዞረች። እሱ ሳህኑን ያያል።

«ታውቅ ነበር?»

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«ለካ ይሄን ሁሉ ቀን ስታየኝ ነው የከረምከው! ጥርሴን ነው ሰኮናዬን?»

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። በማግስቱ አውሮፕላን ውስጥ መካከላቸው የነበረው ወንበር ባዶ ነበር። ኮርቻ እንኳ አልተቀመጠበትም።

ከሳምንት በኋላ በስልኳ ከይሄነው ፎቶዎቹ ብቻ መጡላት፤ አንድ ቃል አልተጻፈባቸውም። ተናዳ ሳትከፍታቸው ተወቻቸው።

ትምህርት ሲጀመር ግን ተማሪዎቹ ቃሏን አልረሱም። «ፎቶው የታለ?» አሉ። ጀልባው እንዳመለጣት ነገረቻቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለማካካሻ ሌሎቹን ፎቶዎች አሳትማ አመጣችና እሷም እንደነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻቸው።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቤተ መንግሥቱ የታለ?»

«እሱ ነዋ። ከኋላዬ ያለው።»

«ጣራው የለም እኮ! ካቴድራሉም ግንቡ ተቆርጧል። ያነሳዎት ሰውዬ እርስዎን ብቻ ነው እንዴ ያየው?»

ክፍሉ አውካካ። ውብአየሁ አንድ በአንድ ገለጠች። ሐውልት ያለ ራስ፣ ድልድይ ያለ ጫፍ። እሷ ግን በሁሉም ውስጥ ሙሉ ናት፤ በሁሉም ተቆጥታለች። አንድም ፈረስ የለም።

አሥራ ሦስት ቦታ አበላሸባት! ደወሉ ሲደወል ግን ሰሌዳውን ሳታጠፋ ወጣች።

ስልክ አልደወለችም፤ ኩራቷ ያዛት። ጥር ሃያ ሦስት ቀን ግን «የፈረሰኞቹን በዓል ልይ» ብላ እንጅባራ ሄደች። ሰው ግራ ቀኝ መንገዱን ሞልቶታል። ያጌጡ ፈረሶች በረድፍ በረድፍ ያልፋሉ። በሦስተኛው ረድፍ ይሄነው መጣ። ውብአየሁን አያት።

ፈረሱን ከሰልፉ አወጣና ወረደ።

«ምን እያደረግህ ነው? ሰልፉ እያመለጠህ ነው እኮ!»

«ያምልጠኝ። አንቺስ ጀልባ አምልጦሽ የለ?»

ከኋላው አንድ ፈረሰኛ ጮኸ። «ይሄነው! ምን ሆንክ? ፈረሱ አነከሰ ወይ?»

«ፈረሱስ ደኅና ነው» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ። «እኔ ነኝ የማነክሰው።»

«ለምን ያኔ አልተናገርክም?» አለችው።

«ፍቅርአዲስ የነገረችኝ ከሚኒባሱ ማግስት ነው። ደስ አለኝ። በጣም ደስ ስላለኝ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ፈረስ አጠገብ ነው የምቆመው። እጄን የት እንደማደርገው የማውቀው እዚያ ብቻ ነው።»

«አሁንስ?»

እጁ ልጓሙን እንደያዘ ነበር። ለቀቀው። ፈረሱ ግራ ገብቶት ቆመ። ይሄነው እጇን ያዘ፤ እርካቡን በያዘበት ጥንቃቄ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ። ግን በሰዓቱ ይድረሱ። ሌላ አርባ ደቂቃ አልጠብቅም!»

ሽማግሌዎቹ በየካቲት አንድ እሑድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ዳንግላ ሊደርሱ ተቀጠሩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ውብአየሁ ጓዳ ውስጥ ሰዓቷን እያየች ጥፍሯን በላች። በመጨረሻ የሦስት ሽማግሌዎች ድምፅ ከበራፉ ተሰማ።

«ይቅርታ አድርጉልን። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ሲያነክስ አይተን፣ ዝም ብለን ማለፍ አቅቶን...»

ውብአየሁ ጭንቅላቷን ያዘች። «እግዚኦ! አገሩ በሙሉ ነው እንዴ?»

እናቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ።

«ምን ልበላቸው ልጄ?»

«እሺ በያቸው» አለች፣ ሳቋ እንባዋን እየቀደማት። «ደግሞ... ፈረሱ ዳነ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»