ነሐሱን የተሻገረ እግር

ጋሊህ ጊታሩን እንደ ሰው ተጫውቶ አያውቅም። በክሮቹ መካከል የቀርከሃ ስንጥር ይሰካል፤ በድሮ ዜማ ጀምሮ በሮክ ጩኸት ይጨርሳል። ምን እንደሚጫወት ራሱም የሚያውቀው ከተጫወተው በኋላ ነው። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት፣ የዮግያካርታ ከተማ ወጣቶች ይወዱታል፤ እናቱ ግን «ልጄ፣ ይሄ ጊታር ምን በደለህ?» ትለዋለች።

ላራስን ያገኛት ከአባቷ ቤት የነሐስ ድምፅ፣ በመዶሻ የሚመታውን የጃቫ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ፍለጋ የሄደ ቀን ነው። የአንዱ ቤት ነሐስ ቃናው ከሌላው ቤት አይገጥምም። ጋሊህ ክሮቹን ከዚህኛው ጋር ለማስማማት ሲታገል በር ላይ ቆማ ሳቀችበት።

«ትንሽ አላላው። የኛ ቤት ነሐስ አይቸኩልም።»

«የቤቱ ልጅስ?»

«እሷም አትቸኩልም» አለችና ዓይኗን ሰበር አደረገች።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለገ ተመላለሰ። አባቷ አባባ ካርቶም ወደዱት፤ ነሐሳቸውን ይዘው አብረውት መድረክ ለመውጣት እሺ አሉ።

መድረኩ ላይ ሙዚቃው ሲግል፣ ጋሊህ ወለሉ ላይ ያለውን የሽማግሌውን ነሐስ በእግሩ ተሻግሮ ወደ ሕዝቡ ወጣ። ነሐሱ የተከበረ ነውና ጃቫ ውስጥ ይህን ሕፃን እንኳ አያደርገውም፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በዙሪያው ያልፋል እንጂ። አባባ ካርቶ መዶሻቸውን አስቀመጡና ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

ሕዝቡ ግን አበደ። ጋሊህ ከጃካርታ እስከ ሲንጋፖር ይጠራ ጀመር። ለጠየቀው ሁሉ «ሙዚቃው ይዞኝ ሄዶ ነው» ይላል። ጭብጨባው ሳያልቅ ግን ከመድረክ ይወርዳል። ላራስም ስልኩን ማንሳት ተወች።

ኢድ ደረሰ። በኢድ ታናሽ በታላቁ ጉልበት ሥር ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ጋሊህም ሄዶ ተንበረከከ።

«አባባ፣ ሙዚቃው ይዞኝ ሄዶ ነው። ይማሩኝ።»

«ተወው ልጄ። እኔንም ወስዶኝ ያውቃል» ብለው ራሱን ዳሰሱት።

ደስ ሊለው ሲገባ አፈረ። ላራስ ግቢው ውስጥ ጠበቀችው።

«ከመሻገርህ በፊት ወደ ታች ስታይ ከሕዝቡ መካከል ሆኜ አይቼሃለሁ።»

ጋሊህ ወደ በሩ ዞረ።

«እያየህ ነው የተሻገርከው፤ ጭብጨባውን ፈልገህ። አባቴን ማዋረድህ ሳያንስ ዛሬ ደግሞ ዋሸሃቸው። እኔ ውሸታም አላገባም።»

«ብነግራቸው ያባርሩኛል። አንቺንም አጣሻለሁ።»

«ካልነገርካቸው አጥተኸኛል።»

ተመልሶ ገባና እንደገና ተንበረከከ። እያወቀ እንዳደረገው ነገራቸው። የሽማግሌው እጅ ወደ ራሱ አልመጣም።

«የቅድሙን ይቅር ማለት ቀላል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይሄኛውን ዛሬ አልችልም። ለከርሞ ኢድ ና።»

ጋሊህ አንገቱን ደፍቶ ሲነሳ ላራስ ገባች። አባቷ እያዩ እጁን ያዘችው።

«እሺ አባዬ። ለከርሞ ሁለታችንም እንንበረከካለን።»

አባባ ካርቶ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«በይ ሩዙን አቅርቢለት» አሉ። «ጾሙን አይሂድ።»