ከኋላ ጎማ የጠፋችው ብረት

ሟቹ ዳገቱ አጋማሽ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ለሆስፒታል የሚያደርሰው መድኃኒት ጀርባው ላይ እንደታዘለ ነው። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል። የኋላ ጎማው ግን ከብስክሌቱ ተነቅሎ፣ የሞተሩን ገመድ እንደ አንጀት እየጎተተ ቦይ ውስጥ ገብቷል።

ያንን ተራ ብስክሌት ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው የሰፈሩ ብየዳ ቤት ነው። ፖሊስ ሲመጣ በያጁ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልነካችውም።»

ውሸቱን ነው። ያሰረችው ልጁ ናት። ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ከአባቷ ጋር የምትሠራ፣ አጭር፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ቡሎን ላይ እንደሚጠብቀው ዳዶ አንዴ ከያዘች ስለማትላቀቅ ሰፈሩ «ዳዶ» ይላታል። አሁን ግን ተላቅቃለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። የሟቹ ብስክሌት በተቀየረበት ሳምንት በድምሩ አራት ገጥማለች፤ የሟቹን ስታስር ለማስታወስ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚታያት የሌሎቹ ሦስቱ ነው። አባቷ ደግሞ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መርማሪዋ ብስክሌቱንና የተነቀለውን ጎማ በፒካፕ አስጭና መጣች። መነጽር ያደረገች፣ የግራ ጫማዋ ጎኑ ላይ የተቀደደ፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«ዳዶ አንቺ ነሽ?»

«እንደዛ ይሉኛል። አባቴን መቼ ነው የምትለቁት?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ይጠይቁ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይጠይቁ።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። «ይሄ ሞተር ጉልበቱ እንዴት ነው?»

«በሬ ነው! ዳገት ላይ ሙሉውን ሲሰጡት ጎማው ወደፊት ይዞራል፣ መሀሉ ያለው ዘንግ፣ ፔርኖው፣ ግን ወደኋላ ልዙር ይላል። ፔርኖው የሚቀመጥበት የብስክሌቱ ዋና ብረት፣ የቴላዮው፣ አፍ ስስ ስለሆነ ይፈለቀቃል። ለዚህ ነው የብረት ክንድ የምንጨምረው። ባንድ ጫፏ ፔርኖውን ትነክሳለች፣ በሌላው ጫፏ ቴላዮው ላይ በቡሎን ትታሰራለች። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም።»

«ዳር እና ዳር ያሉት ሁለቱ ዳዶዎች አይበቁም?»

«በእግር ለሚነዳ ይበቃሉ። ለዚህ? በጭራሽ!»

«ታዲያ ክንዷ የታለች? ቦዩን ሁለቴ አስፈትሻለሁ፤ የለችም። አባትሽ የታሰረው ሳይገጥም ለቀቀ ተብሎ ነው።»

ዳዶ ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋች። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። አባዬ ዋሽቷል። እኔን ውሰዱኝ።»

«አባትና ልጅ ለእስር ቤት ትሽቀዳደማላችሁ? ነይ ይልቅ፣ ይህን እዪልኝ።»

በቴላዮው ጥቁር ቀለም ላይ፣ ፔርኖው አጠገብ፣ ጣት የምታክል ንጹሕ ቦታ አለች። ዙሪያዋ አቧራና ጭረት ነው፤ እሷ ብቻ አዲስ ትመስላለች። ዳዶ በእጇ ዳሰሰቻት። የክንዷ መቀመጫ ናት።

«ታስራ ነበር!» ብላ ጮኸች። «አዩ አይደል? ታስራ ነበር!»

«አየሁ። ግን በጉልበት ተገንጥላ ብትወጣ የቡሎኑ ቀዳዳ አይቀደድም ነበር?»

ቀዳዳው ደህና ነው። መርማሪዋ በክብሪት እንጨት ስትቆረቁረው የደረቀ ጭቃ ፈሰሰ።

«የዘነበው መቼ ነው?»

«ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት። በሞተበት ጠዋት መንገዱ ደርቋል።»

«ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ ቡሎኑ ቦታው ላይ አልነበረም። ሰው ክንዷን ለምን ይፈታል?»

«ጎማ ለማውጣት። ከተነፈሰ...» ዳዶ ሳይነግሯት ጎማውን ፈልቅቃ ከውስጡ አየር የሚሞላውን ካላማዳሪ መዘዘች። አዲስ ልጥፍ አለበት። «ይሄ የእኛ አይደለም። እኛ ክብ አድርገን ቆርጠን እንለጥፋለን፣ በቃ። ይሄኛው ጠርዙ በቢላ ተፍቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ማን ነው እንዲህ የሚጨነቅ?»

መርማሪዋ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። «ተከተዪኝ። አፍሽን ግን ዝጊ።»

«ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም።»

የሟቹን ሚስት ደጃፏ ላይ ኩርምት ብላ አገኟት። «ጎማ ተነፈሰብኝ አላለኝም። ዝናብ መታኝ ብሎ ገባ፤ ጠዋት ስሞኝ ወጣ። እሱ ጎማ መለጠፍ? ቤታችን ውስጥ ቁልፍ እንኳ የለም» አለች። ዳዶን ስታይ ፊቷን አዞረች።

ከሟቹ ጋር የተጣላው ሌላ መድኃኒት አድራሽ፣ ቀጮ የሚሉት፣ ገና ሳይጠየቅ ማለ። «በሞተበት ጠዋት መድኃኒት የምንጭንበት መጋዘን በር ላይ ተሰዳድበናል፣ የሆስፒታሉን መስመር ስለወሰደብኝ። ብስክሌቱን ግን አልነካሁም!»

«ዝናቡ የዘነበ ቀንስ?»

«ሙሉ ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ። ነርሶቹን ይጠይቁ።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጫማ ሠሪ ነው፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይሠራል። ዓይኑ ደም መስሏል። «ወንድሜን የገደለው በያጁ ነው! እኔ ያንን ብስክሌት በእጄ ነክቼው አላውቅም!»

ዳዶ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መርማሪዋ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ የግራ እግሯን ዘረጋች።

«ይህን ቀዳዳ ለጥፍልኝ እስቲ።»

ዳዶ ደሟ ፈላ። አባቷ ነገ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው፤ ሴትዮዋ ጫማ ታሠራለች!

ከሰዓት ሁሉም ብየዳ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው፣ ቀጮው፣ ጫማ ሠሪው። በያጁም በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ። ዳዶን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው።

መርማሪዋ ጀመረች። «በመጀመሪያ፣ ክንዷ ታስራ ነበር፤ ቀለሙ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ አልተገነጠለችም፤ በሰው እጅ ተፈታች። ሦስተኛ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጭቃ አለ፤ እንግዲህ የተፈታችው ከዝናቡ በፊት ነው። ቀጮው ያን ቀን ሆስፒታል ነበር፤ ነርሶቹን ጠይቄያለሁ። ሟቹ ክንዷ ሳትኖር ሜዳውን እየነዳ ቤቱ ገባ። ጠዋት ዳገቱ ላይ ሞተሩን ሙሉ ሲሰጠው ፔርኖው ዞረ፣ ጎማው ወጣ።»

«ማን ነው የፈታት?» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ የግራ ጫማዋን አወለቀችና ከካላማዳሪው ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሁለቱን ልጥፎች ዳስሷቸው። ጎማ ለጣፊ ጠርዝ አይፍቅም። ጠርዝ የሚፍቀው እግር እንዳይቆረቁር የሚጠነቀቅ ሰው ነው። እጁ ለምዶታል፤ ለጎማም ቢሆን አይተወውም።»

ጫማ ሠሪው ጎንበስ አለ። ከሥራ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ አንዲት አጭር ብረት አውጥቶ ከጫማው ጎን አስቀመጠ።

«ጎማው እኔ ጋ ሲደርስ ተነፈሰ» አለ። «ለጠፍኩለት። ስመልሰው ይህች አልገባ አለችኝ፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ እሱም ቸኩሏል። ሁለቱን ዳዶ ባለኝ ኃይል አጠበቅኩ። 'ይህቺስ?' አለኝ። 'ትርፍ ናት፣ ምን ታደርግልሃለች' አልኩት። አመነኝ። ታላቁ ነኛ!»



«ልትገድለው አልፈለግክም» አለች መርማሪዋ። «ግን ብረቷን ደብቀህ፣ ሰው ሲታሰርልህ ሦስት ቀን አየህ።»

«አዎ» አለ። ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት ሊያያት ሞከረ፤ አልቻለም። እሷም ስታለቅስበት የቆየችውን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ፊቷን ሸፈነች። ፖሊሱ ካቴናውን ከበያጁ ፈትቶ ጫማ ሠሪውን ይዞ ወጣ።

ሌሎቹም ተከትለው ሲወጡ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አባዬ፣ ክንዷን መግጠም እንደረሳሁት አስበህ ነው እኔ ነኝ ያልከው?»

በያጁ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ቡሎኖች መልቀም ጀመረ።

«ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ ጥያቄ እኮ ነው!»

በያጁ የእጁን አንጓ እያሻሸ መሬት መሬቱን አየ። «ረሳሁት ብትዪኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ዳዶ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳት። ሄዳ ደረቱ ላይ ተለጠፈችና ሦስት ቀን ሙሉ ለራሷ እንኳ ደፍራ ያላለችውን አለችው።

«አልረሳሁም።»