የማለዳው ክርክር

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ ሜልቦርን ከረጅሙ የኮሮና መዘጋት በወጣች ሰሞን፣ ፊትዝሮይ ሰፈር ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንጻዎች በአንደኛው እትዬ ትብለጽ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር፤ አንድያ ልጃቸው መቶ አለቃ ሓለፎም በሰሜን ዕዝ ነበርና፣ ትግራይ ላይ ጦርነት ተነሥቶ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም።

በዚያ ሰሞን የእድሩ ሰዎች መናፈሻው ውስጥ ተሰብስበው ሳለ፣ አገሪቱን ለጦርነት ያበቃት ምንድን ነው በሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ እትዬ ትብለጽም ተነሥተው ጥለው ሄዱ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ኡርጌሳ አፈሩ። ታክሲ ነጂውን ሞቱማንና የወሎውን ሰይድን አስከትለው ይቅርታ ሊጠይቁ ወጡ፤ ለሦስቱም የሚመቻቸው ሰዓት ማለዳ ብቻ ነበር። አስቀድመው አልደወሉም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናት ልጃቸው የደወለ እንደሚመስላቸው ያውቃሉና። ደግነት ነበር፤ ግን የአገራችን ሰው በማለዳ፣ በቡድን፣ ሳይነገር የሚንኳኳ በር ምን እንደሚያመጣ እንዴት ይረሳል?

እትዬ ትብለጽ በሩን ከፍተው ሦስት ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ባዩ ጊዜ፣ «ሓለፎም!» ብለው ጮኹ፤ ደረታቸውን እየደቁ ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ኖ፣ ኖ፣ እትዬ! መርዶ አይደለም፤ ምንም የሰማነው የለም!» አለ ሞቱማ።

እሳቸው ግን እንዴት ይመኑ? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ «ምንም የለም» ነው የሚለው።

«ለይቅርታ ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ ኡርጌሳ፤ «የጦርነቱ መንስኤ የትግራይ ክልል ምርጫ ነው ብዬ አፌን ባልከፍት ኖሮ...»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ምርጫው አይደለም» አለ ሰይድ፤ «የሰሜን ዕዝ ካምፕ ባይጠቃ ማን ይዘምት ነበር?»

«ካምፑማ መጨረሻው ነው!» አለ ሞቱማ፤ «የድሮዎቹና ያሁኖቹ ባለሥልጣኖች ከተኳረፉ ስንት ጊዜያቸው?»

በሩ ላይ ቆመው እንደ ገና ተጣሉ። እትዬ ትብለጽ ቀና አሉ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው አይከራከርም። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «በሉ ግቡ፤ ሻይ ላፍላ» አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ቆሞ ስልክ በተከፈተ ጊዜ፣ እነዚያው ሦስት ሰዎች እንደ ገና በማለዳ መጡ። እትዬ ትብለጽ ፊታቸውን ተራ በተራ አዩ።

«ሰይድ፣ ካምፑ ነው በል እስቲ» አሉ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ኡርጌሳ፣ ምርጫው ነው ይበሉ እንጂ! ተከራከሩ!»

የታሪክ መጻሕፍት ምርጫውንም፣ ካምፑንም፣ የሥልጣን ሽኩቻውንም ይጽፉ ይሆናል፤ ሁሉም የየድርሻውን እውነት ይዞ ይሆናል። ያን ማለዳ ግን ከሦስቱ አንዱም አልተከራከረም።