የበጋ ገሳ

በ፲፱፻፹፱ ዓ.ም. የካቲት ሲጋመስ፣ ከማንኩሳ ቁልቁል ወደ ብር ወንዝ የሚወርደው ሜዳ ገለባው ሳይቀር ተግጦ ነጥቶ ነበር፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከብቱ ከወንዙ ዳር አልነሣ ብሎ፣ ሰማዩም አንዲት ደመና ሳይታይበት ሰነበተ። በዚያው ወር የመሬት ድልድል ሆነ፤ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት» ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት፤ መሬት ላልነበራቸው፣ ለሴቶችም ጭምር፣ በስማቸው ድርሻ እንዲሰጣቸው ተባለ።

ድልድሉ ከዋርካው ሥር አልተደረገም። ዋርካው ከጥንት ጀምሮ ጭቃ ሹሙና ዳኛው ይቀመጡበት ነበርና የቀበሌው ኮሚቴ «የበዝባዦች ጥላ ነው» ብሎ ሕዝቡን ወደ ገላጣው ሜዳ አወጣው፤ ገመድ ጣዮቹ ሲለኩም ድርሻ ፈላጊው ሁሉ ተራው እስኪደርስ ራሱን ገልጦ በመስመር እንዲቆም አዘዘ። ምክንያት አላጣም፤ ከሌላ ቀበሌ ዘመድ አምጥተው፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍነው፣ ሁለት ድርሻ ሊያስቆጥሩ የሞከሩ ሰዎች ተይዘው ነበር።

ይህ ትእዛዝ ለሌላው ሰው ላብና ራስ ምታት ነበር። ለያምሮት ቢሆነኝ ግን ከዚያ የከፋ ነበር።

ያምሮት ከጥቁር እናትና ከጥቁር አባት ነጭ ሆና የተወለደች፣ ጠጉሯ የበቆሎ ጢም የሚመስል፣ ዓይኗ በቀን ብርሃን የሚርገበገብ ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ሠላሳን አልፎ ባል አላገባችም፤ መንደሩም «ፈረንጇ» ይላታል። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩት አባቷ አቶ ቢሆነኝ፣ ቆዳዋ በፀሐይ እንደሚላጥ ከሕፃንነቷ ስላዩ፣ ሰው ለክረምት ዝናብ ከእንግጫ የሚጎነጉነውን ገሳ በልኳ እየጎነጎኑ በበጋ አለበሷት፤ የእርሻ ሥራዋንም ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቻ አደረጉት።

«ፈረንጇ፣ ዝናቡ ከየት ሊመጣ ነው?» ይላታል መንገደኛው።

«ካንተ አፍ፤ ሲያርከፈክፍ አይደል የሚውል!» ትለዋለች ሳትቆም።

እንዲህ ስትኖር፣ ካለፈው መስቀል ወዲህ ከጆሮዋ ሥር ጉንጯ ላይ አንዲት ቁስል ወጣች፤ ትደርቅና ትደማለች፣ ትደማና ትደርቃለች። እናቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ አላመነቱም። «ምች ነው፤ ወጥ ሸቶሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ» አሉ፤ የዳማከሴ ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ያንጠባጥቡባት ጀመር። በዚያ አገር ፊት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ምች ነው፤ የምች መድኃኒት ደግሞ በየጓሮው አለ፤ ስለዚህ ማንም አልደነገጠም።

ያምሮት ግን በገበያ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ወጥታ፣ መሐሪ ለሚባል የጤና ረዳት አሳየችው። መሐሪ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«ምች አይደለም፣ እህቴ።»

«እናቴ ምች ነው ይላሉ።»

«ምች ሰንብቶ ይድናል። ይህ ሥር እየሰደደ ነው። ፀሐይ የሚያመጣው ካንሰር ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ቶሎ ይቆረጥ። እስከዚያ ድረስ ገሳሽን እንዳታወልቂ።»

«ድልድሉ ሳያልቅ የትም አልሄድም። ከቀረሁ ድርሻዬ ያልፈኛል።»

«እንግዲያው ገሳሽን ለብሰሽ ቁሚ።»

«ታዲያስ! ማን ይከለክለኛል?»

ትእዛዙ የተነገረው በማግስቱ ነበር።

ያምሮት ከመስመሩ ስትደርስ ገሳዋ ከሩቅ ታየ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቸኮለ፣ ከእነ አቶ ቢሆነኝ ጋር አጥር የሚጋራ ጎረቤት፣ ከወረዳ በመጡት ካድሬዎች ፊት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያ ገሳ የለበሰው ማነው? ይገለጥ!»

ሰዉ ሳቀ።

«ቸኮለ፣ አታውቀኝም?» አለች ያምሮት።

«እዚህ ቸኮለ የለም፤ ኮሚቴ ነው ያለው።»

ወንድሟ ይርሳው ከመስመሩ ወጣ። «ኧረ በእመብርሃን! ከጣና እስከ ዓባይ እሷን የሚመስል ማን ተገኝቶ ነው በሷ ስም የሚቆም? ፊቷን እዩና ትልበስ!»

«ዛሬ የቢሮክራት ልጅ ገሳ ከለበሰች፣ ነገ አገሩ ሁሉ ጋቢውን ይከናነባል። ወይ ትገለጥ፣ ወይ ከመስመሩ ትውጣ።»

ቸኮለ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ለጎረቤቱ ካደላ፣ እሱም የቢሮክራት ወዳጅ ተብሎ መሬቱ እንደሚቆረጥ ያውቃል፤ በዚያ ወር ብዙ ሰው እንዲሁ ሆኖ ነበር።

አቶ ቢሆነኝ በስብሰባው እንዳይናገሩ ተከልክለው ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ልጃቸው ወደ እሳቸው ስትቀርብ፣ «ተይው ልጄ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሏት።

«አባ፣ ከአራት ጥማድ እርስዎና እምዬ ይበላሉ፤ ይርሳው ከነልጆቹ ይበላል። እኔስ? በሰው ማሳ በሌሊት እያረምሁ ልሸመግል?»

መሐሪ ያላትን ግን አልነገረቻቸውም። ብትነግራቸው እጇን ይዘው ከሜዳው እንደሚያወጧት ታውቃለችና። ገሳውን አወለቀች፤ አጥፋም በአባቷ እጅ ላይ አኖረችው።

ገመዱ ቀስ እያለ ሄደ። አንዱ ይከራከራል፣ ገመድ ጣዩ እንደገና ይለካል፣ ካድሬው ንግግር ያደርጋል፤ ፀሐይዋም ሥራዋን ትሠራለች። ያምሮት ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ሲመሽ ግንባሯና ትከሻዋ ውኃ ቋጥሮ ትመለሳለች፤ በነጋታው ትመጣለች። አንድ ቀን ይርሳው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በጥላው ሊጋርዳት ሞከረ፤ ወደ ቦታው መለሱት። ወይዘሮ ሀብትነሽ ማታ ማታ ዳማከሴውን እያሹ፣ «ምቹ አገረሸባት» ይሉ ነበር፤ ቅጠሉንም አበዙላት፤ ቁስሉም ሰፋ።

በመጨረሻ ተራዋ ደረሰ። ከወንዙ በላይ ያለ ጥቁር መሬት ተለካላት፤ የደንበሩም ድንጋይ ተተከለ።

«የያምሮት ቢሆነኝ!» ብሎ ጮኸ ገመድ ጣዩ።

ያምሮት ድንጋዩን በእግሯ ረግጣ ጥብቅ ማለቱን አየች። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ ገሳዋን ተቀበለችና ለበሰች።

አዲስ አበባ የሄደችው የመጀመሪያ ጤፏን ዘርታ፣ አርማ፣ አጭዳ ከከመረች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጆሮዋ መስማት አቁሞ፣ አንገቷም አብጦ ነበር። ሐኪሞቹ ለመቁረጥ ጊዜው እንዳለፈ ነግረው መለሷት። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ሞተች። ልጅ አልነበራትምና ኮሚቴው ማሳውን ለሌላ መሬት አልባ ሰጠው፤ የደንበሩ ድንጋይ ግን እዚያው ነው።

ስለዚያ ድልድል በኋላ ብዙ ተባለ። ገሚሱ ድሃውንና ሴቷን ባለ መሬት ያደረገ ፍርድ ነበር አለ፤ ገሚሱም በቂም የተደረገ ዝርፊያ ነበር አለ፤ ሁለቱም ምስክር አላጡም። በያምሮት ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ «በድልድሉ ጊዜ ምች መታት» ይላሉ። ምች ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም። ወደ ዋርካው ሥር መመለስ የተፈቀደ ጊዜ፣ ቸኮለ የአገር ሽማግሌ ሆኖ ከጥላው ተቀመጠ፤ የደንበር ጠብ ሲነሣም የሚዳኘው እሱ ነው። ገሳዋን ይርሳው ወሰደው፤ በልክ የተጎነጎነ ስለሆነ ትከሻው ላይ ያጥረዋል፤ ክረምት ሲገባ እንደ ማንም ሰው ለዝናብ ይለብሰዋል።