ቁጥር አሥራ ዘጠኝ የመኪና ዕቃ አይደለም

መምህሩ የተገኙት በገዛ ጋራዣቸው ወለል ላይ፣ በአሮጌዋ መኪናቸው ጎን ተዘርረው ነው። የመኪናዋ ማስነሻ ቁልፍ እንደዞረ ነው፤ ሞተሩ ግን ቆሟል። የታፈነው ጭስ ገና ዓይን ያቃጥላል። ያገኘቻቸው አንድያ ልጃቸው ጮኻ ጎረቤት ከሰበሰበች በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ኢንስፔክተሯ ስትደርስም እዚያው ነበረች።

«በሩን ማን ዘጋው?» አለች ኢንስፔክተሯ። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን ሥራ የማይፈታ ሴት ናት።

«እኔ!» አለች ልጅቱ። «ነፋሱ አቧራ ያስገባ ነበር። አዲሱ ጓርኒሲዮን ላይ እንዳያርፍ ብዬ ዘግቼው ወጣሁ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው፤ ለካ ራሱ ወድቆ ኖሯል። ስመለስም እንደተቀረቀረ አገኘሁት። አባዬን ጭስ ውስጥ ቆልፌበት... እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

«ገና አላውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ያለ ማስረጃ ማጽናናት አትወድም። ብዙዎች ይህን ጭካኔ ይሉታል፤ እውነት ለመናገር ያን ቀን ጭካኔም ነበር።

«ጓርኒሲዮን ያልሽው ምንድን ነው?»

«በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው። መኪናችን ከሁለት ወር ወዲህ ታንጠባጥባለች። አባዬ መጽሐፍ ገዝቶ ራሴ እቀይረዋለሁ አለ። ጠዋት ዘይቱን ስናወርድ ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ከሁለት ወር በፊትስ?»

«ጠብታም አልነበራትም። የአባዬ ወንድም ተውሷት ከመለሳት በኋላ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ አለን።»

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ኢንስፔክተሯ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። አሮጌው ዘይት በሳፋ ሙሉ እንደተቀመጠ ነው። የአዲሱ ዘይት ጀሪካን አልተከፈተም። ከሞተሩ ሥር ያለው ኮፓ፣ ማለትም ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ተገጥሟል፤ ጎኑ ላይ ግን አንድ ነገር መትቶት ሰርጉዷል። አጠገቡ ባለ ደብተር ላይ መምህሩ «ማጣበቂያው ማስቲሽ ይድረቅ፤ እስከ ነገ ዘይት አይሞላም» ብለው ጽፈዋል።

ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል። መምህሩ የሞተሩን ሥር ስለውበት፣ የፈቱትን ቡሎን ሁሉ በቦታው በቁጥር ሰክተውበት ነበር። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስም በተራ የጠራ ሰው ቡሎንንም በተራ ካልጠራ ልቡ አያርፍም። አሥራ ስምንቱ ቀዳዳ ባዶ ነው፤ ቡሎኖቹ ተመልሰዋል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ በስፒል የተያዘ ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ያለበት። አጠገቡ «19፦ የመኪና ዕቃ አይደለም» ይላል። ኢንስፔክተሯ ጨርቁን ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥሎ የመምህሩ ሚስት ወንድም መጣ። ሠፈሩ «ብረቱ» የሚለው የተዋጣለት መካኒክ ነው።

«ጠዋት ከመምህሩ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ተጣልተናል። ሞተር በመጽሐፍ አይጠገንም፤ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩት። ምላሴን ይቁረጠው!»

«ከዚያስ?»

«ጋራዤ ውስጥ ነበርኩ። ብቻዬን።» ብቻዬን ሲል ምን እንደሚመስልበት ገባው።

«ሞተሩን በእጅዎ ያዙሩልኝ።»

ብረቱ ረጅም መፍቻ አስገብቶ ታገለ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

«ተጣብቋል» አለ በሹክሹክታ። «ያለ ዘይት ነው የተነሳው። አምስት ደቂቃ ቢሠራ ነው።»

«ይህችን ለማንም እንዳይነግሩ።»

የመምህሩ ታናሽ ወንድም ፎቶ አንሺ ነው፤ ኮቱ እንደተተኮሰ፣ ጫማው እንዳበራ መጣ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሞተሩ ሲያጓራ በስልክ ይሰማኛል። ጭሱ ይጎዳሃል፣ በሩን ክፈት አልኩት። ማን ይስማኝ!»

የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ሁለት ቀን አለፈ። ሁለቱንም ቀን ልጅቱ አንድም በር መዝጋት አልቻለችም። ሰው በር ሲዘጋ ከሰማች ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መምህሩን ጭስ አልገደላቸውም» አለች። «ደማቸው ውስጥ ጭስ የለም። ሞተሩ ሲነሳ እሳቸው መተንፈስ አቁመው ነበር። ማጅራታቸውን ተመትተዋል።»

ልጅቱ የመካኒኩን ክንድ ጨመደደች።

«ታዲያ ማን አስነሳው? መምህሩ ራሳቸው ዘይቱን አውርደዋል፤ ደብተራቸውም እስከ ነገ አይሞላም ይላል። ልጃቸው ሳፋውን የያዘች ናት። ብረቱ ደግሞ ያለ ዘይት የተነሳ ሞተር ወዲያው እንደሚጣበቅ ያውቃል፤ በዚያ ጭስ ሰው ሞተ ብሎ ሊያሳምነን አያስብም። ያስነሳው መንዳት እንጂ ሞተር መክፈት የማያውቅ ሰው ነው። አላዋቂ ሳሚው መምህሩ አልነበሩም።»

«እኔን ነው?» ፎቶ አንሺው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እዚህ አልነበርኩም! በስልክ ነው የሰማሁት!»

«ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ሲያጓራ?»

«አዎ!»

«ውሸት ነው» አለች ልጅቱ። «አባዬ ሲደውልልህ አጠገቡ ኮፓውን በቤንዚን እያጠብኩ ነበር። ሞተሩ ሥሩ ክፍት ነበር። "ና፣ የማሳይህ ነገር አለ" ነው ያለህ።»

ኢንስፔክተሯ ፖስታውን ከፈተች።

«ሊያሳዩዎት የፈለጉት ይህን ነው። ከሁለት ወር በፊት አንዲትን ጎዳና ጠራጊ ሴት መኪና ገጭቷት አምልጧል። ከሰደሪያዋ የጎደለው ቁራጭ ይኸው፣ ኮፓው ጎን ተሰንቅሮ የኖረ። ገዳዩ ጨርቁን ወለሉ ላይ ፈልጎ አጥቶታል፤ ጀማሪ መካኒክ የወጣውን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል ከየት ይወቅ? ሲወጣም በሩን እንዳገኘው መልሶ ቀረቀረው። ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ እያወቀ።»

ፎቶ አንሺው ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ፖሊስ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ አለኝ» አለ። «እጄን ይዞ ነበር የለመነኝ። ፈራሁ።»

ብረቱ ሊያንቀው ሲነሳ ሁለት ፖሊሶች መሃል ገቡ።

ከወሰዱት በኋላ ልጅቱ ኢንስፔክተሯን ተከትላ ወጣች። «በሩ...» አለች።

«በርሽ አቧራ ነው የከለከለው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌላ ምንም አላደረገም። አሁን አውቃለሁ።»

ነፋሱ ተነሳ። አቧራው ወደ ጋራዡ፣ አባቷ በእጃቸው ወዳጠበቋቸው አሥራ ስምንት ቡሎኖች ሲገባ ልጅቱ አየችው። እያለቀሰች የጋራዡን በር ሳበችው። መቀርቀሪያው ወደቀ። ደንግጣ ዘለል አለች፤ ግን አልከፈተችውም።