ሸረሪቷ ነከሰችኝ ያለችው ሲምረት

ሲምረት ሰሎሞን የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ዐረብ አገር፣ ዱባይ አቅራቢያ ባለችው አጅማን ከተማ ነው፤ ግቢ ያለው፣ ግቢውም አንድ የሎሚ ዛፍ ያለው ቤት። አባቷ አውሮፕላን ላይ ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ ሰማይ ላይ ነው። እናቷ ሮማን ዱባይ ባንክ ትሠራለች። መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ ልንገራችሁ? ጢሙን ተላጭቶ ከአጅማን የተነሣ ሰው ዱባይ ሲደርስ ጢሙ ደረቱን ይነካል!

ስለዚህ ሲምረትን የምታበላት፣ ጸጉሯን የምትሠራት፣ ከትምህርት ቤት የምትቀበላት የቤት ሠራተኛቸው መሕቡባ ነበረች። መሕቡባ የወሎ ልጅ ናት። አገር ቤት ያሉ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚህ ሥራ ነው። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። መንግሥታችን ማንም ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄድ ያገደበት ጊዜ ነው። እዚያ ያለ ይኖራል፤ አንዴ አገሩ የገባ ግን መመለሻ የለውም።

አሁን ወደ ሸረሪቷ ልውሰዳችሁ። የፈራ እጁን ያውጣ! ጎበዞች።

ኅዳር ላይ ነው። አንዲት ሸረሪት ከሎሚው ዛፍ እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ ድሯን አደራች። ምን ዓይነት ድር! እንደ ሰፌድ ክብ። ሰፌድ ስላችሁ ትንሽዬ እንዳይመስላችሁ፤ የሠርግ ሰፌድ! መሐሉ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ነጭ ጥልፍ አለው። ባለቤቲቱ እዚያው መሐል ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትቀመጣለች። ሆዷ እንደ ብር ያበራል፤ ጠርዙ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። እግሯ ቢጫና ጥቁር፣ ቀለበት በቀለበት ነው። መዳፌን ታህላለች። እሺ እሺ፣ ግማሽ መዳፌን። ባሏ ግን የምስር ፍሬ ነው የሚያህለው፤ ድሩ ጫፍ ላይ ቆሞ “ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?” የሚል ይመስላል።

ሮማን ስታያት ጮኸች።

“መሕቡባ! ይህን ድር ጥረጊልኝ!”

“ኧረ እትዬ፣ ይቺስ አትነካም። ዋሻው አፍ ላይ ድሯን አድርታ ነቢያችንን ከጠላት የሸሸገች ናት ይሉናል ሽማግሎቻችን። ደግሞስ ዝንቡን፣ ትንኙን ማን ይለቅምልዎታል?”

“እኔ አላውቅም። ጥረጊ ብያለሁ።”

መሕቡባ ዛሬ ነገ ስትል ድሩ እዚያው ቀረ። ሲምረትን ግን አስተማረቻት።

“ሲሙ፣ እንዲህ ክብ ድር ሠርታ ብርሃን ላይ የተቀመጠችዋ ካልጨበጥሻት አትነክስም። ጨለማ ጥግ፣ ከዕቃ ሥር፣ የተተበተበ ድር ውስጥ ያለችውን ግን አደራ! እጅሽን እንዳትዘረጊ፤ እኔን ጥሪኝ። ሁሉንም ማየት ነው እንጂ መንካት የለም። እሺ?”

“እሺ መሕቡዬ።”

ግቢ ውስጥ ኳስ መጫወት ክልክል ነበር። ክልክል የሆነ ነገር እግር እንዴት እንደሚያሳክክ ታውቃላችሁ። አናውቅም እንዳትሉኝ! አንድ ሐሙስ ሲምረት “አንዴ ብቻ” አለችና ኳሷን መታች። ኳሷ ድሩን መሐል ለመሐል ቀድዳ አለፈች፤ ሄዳም የሮማንን የመስታወት ጠረጴዛ አገኘችው። ኳ! ጠረጴዛው ደቀቀ፤ ድምፁ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ ድረስ ተሰማ፤ በረሃ የተኙ ግመሎች ደንግጠው ተነሡ።

ሲምረት ኳሷን ደበቀች። ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ክንዷ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገች። እናቷ ስትገባ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

“ሸረሪቷ ነከሰችኝ! ስሸሽ ጠረጴዛውን ጣልኩት!”

ሮማን ልጇን አቅፋ ወደ መሕቡባ ዞረች።

“ጥረጊ አላልኩሽም? ልጄ ብትሞትብኝስ? ኸላስ፣ በቃ! እሑድ ትኬትሽን እቆርጣለሁ፤ አገርሽ ግቢ።”

“እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ከሄድኩ እኮ መመለስ የለም። ታናናሾቼ ከትምህርታቸው መቅረታቸው ነው።”

“ኸላስ አልኩ!”

መሕቡባ እንባዋን ዋጠች። በረዶ በነጭ ፎጣ ጠቅልላ መጣችና የሲምረትን ክንድ ያዘች። “ያምሻል የኔ እናት?” አለች። ወዲያው ፎጣው ቀላ። ክንዱ ነጣ። መሕቡባ ፎጣውን አየችው፤ ሲምረትን አየቻት። ከዚያ ፎጣውን አጣጠፈችና ምንም ሳትናገር ወጣች።

እዚያ አገር ዕረፍቱ ዓርብ ስለነበር ሰንበት ትምህርት ቤትም የሚከፈተው ዓርብ ነው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሲምረት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ግቢ ወጣች። ቆማ ቀረች። ሸረሪቷ ቤቷን እንደገና እየሠራች ነበር!

መጀመሪያ ክሮቹን እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ወጠረች። ከዚያ እየዞረች፣ እየዞረች፣ በኋላ እግሯ ክር እየሳበች ታጣብቃለች። ሜትር የላት! እርሳስ የላት! የዱባይ ማሪናን ፎቆች የሠሩ መሐንዲሶች ሁሉ ቢያዩዋት ኮፍያቸውን አውልቀው “አስተምሪን” ይሏት ነበር። ጤዛው በክሩ ላይ አንድ በአንድ በራ። “ይቺን የሠራ ጌታ እኔንም ያየኛል” አለች ሲምረት በልቧ። “ቤቷን ያፈረስኩት እኔ፤ ስሟን ያጠፋሁት እኔ።”

በዚህ መሐል እናቷ የነፍሳት መርዝ ይዛ ብቅ አለች።

“ዞር በይ ሲምረት፣ ልገድላት ነው!”

“አይሆንም እማዬ! አልነከሰችኝም! ጠረጴዛውን ኳስ መትቼ ነው የሰበርኩት! ነጥቡን በእስክሪብቶ ነው የሠራሁት! መሕቡዬ ምንም አላጠፋችም!”

ሮማን የመርዙን ጣሳ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ መሕቡባ ሻንጣዋን ወደምታዘጋጅበት ክፍል ገባች።

“መሕቡባ፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ። የትም አትሄጂም።”

ሲምረትም የመሕቡባን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። “ቀለሙን አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንቺው እንድትናገሪ ነዋ፣ የኔ እናት። ግን ዋላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፈርቼ ነበር።”

ሲምረት ለሁለት ወር ከኳስ ታገደች። ድሩ ልብስ ማስጫው ላይ ስለነበር መሕቡባ ሸረሪቷን በረጅም የመጥረጊያ እንጨት አንሥታ ከቤቱ ጀርባ፣ ጓሮ ካለ ሌላ ዛፍ ላይ አኖረቻት። እዚያ ትንኝ የምትለቅም ሸረሪት ስለሌለች፣ ትንኝ የሚሰበስበው የግቢ መብራትም ሲመሽ ይጠፋ ጀመር። በዚያ ዓርብ ግን ሦስቱም ዛፉ ሥር አንጋጠው ቆመው፣ የመጀመሪያዋ ክር በነፋስ ተንሳፍፋ ቅርንጫፍ እስክትይዝ ድረስ ተመለከቱ፤ ሲምረትም ሰንበት ትምህርት ቤት አርፍዳ ደረሰች።

ልጆች፣ ስታጠፉ “እኔ ነኝ” በሉ እንጂ፣ ጥፋታችሁን መልስ መስጠት በማይችል ላይ ከቶ አትጣሉ።